የምኮኮኒን ባልና ሚስት ያለ ቃዲ ለፈቱት ሼሃ

ለክቡር ብዋና ኡሲ ኸለፍ
የምኮኮኒ ሰፈር ሼሃና የመንግሥት ሹም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሁለቱ የእንጨት ድምፅ ማጉያዎች፣ በመስኮት ስለ ተሰቀለችው ትንሽ ሣጥንና ስለ ተመለሰው ሐልዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለሰውነትዎ ጤና፣ ለወገብዎ ብርታት፣ በተለይም ለጆሮዎ ፈውስ እየተመኘሁ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ልጆችዎ፣ ማኅተምዎና ዶሮዎችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ዶሮዎቹን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ከሞምባሳ እስከ ኪልዋ ባለው የባሕር ዳርቻ ሁሉ በጆሮው ወደር ያልተገኘለት ሰው ነው። ፔምባ ወደብ ላይ አንዲት ጀልባ ውኃ ማስገባት ስትጀምር እኔ ምኮኮኒ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። እሺ፣ ፔምባ ትንሽ ራቀ፤ እዚሁ የእኛው ጀልባ ማቆሚያ ላይ ይሁን። እውነቱን ለመናገር ጀልባዋ የራሴ ነበረች፣ እኔም ውስጧ ነበርኩ፣ ውኃውም ቁርጭምጭሚቴ ደርሶ ነበር። ቢሆንም ከእግሬ ቀድሞ የሰማው ጆሮዬ ነው። ሥራዬ የጀልባ ስንጥቅ በጥጥና በሻርክ ዘይት መድፈን እንደሆነ ያውቃሉ። ሣንቃውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ከሚመልሰው ድምፅ የት ላይ እንደሳሳ የሚያውቅ ሰው፣ ስለ እንጨት ሣጥን ድምፅ አንድ ሁለት ቃል ቢናገር ድፍረት ተደርጎ እንደማይቆጠርበት አምናለሁ።

በገዛ እጄ መጻፌ ቢገርምዎ አልፈርድብዎትም። ሃያ ዓመት ሙሉ አቤቱታ በያዝኩ ቁጥር ለጸሐፊዎ በቃል እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፈዋል፣ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ግን ምስጋና ሆኖ ይገኛል። ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ወሩ ነው ብዬ ባስጻፍኩ ጊዜ፣ "ማካሜ ፋኪ ስለ ቧንቧው ምስጋናውን ያቀርባል" ተብሎ በስብሰባ ላይ ተነበበ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ነገሩ ስላልገባኝ እኔም አጨበጨብኩ። ባለፈው ማክሰኞ ስለዚህኛው ጉዳይ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ "ማካሜ፣ በጽሑፍ አቅርብ" አሉኝና ፈገግ አሉ። ፈገግታዎን ወድጄዋለሁ። ያልሰሙት ነገር ቢኖር፣ ከመምህርት ሩኪያ የማታ ትምህርት ክፍል ከተመረቅኩ ያን ዕለት አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነበር፤ ከክፍሉም ሁለተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛ የወጡት የመምህርቷ እናት ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ የተቀመጡት ከእኔ አጠገብ ነበር።

እነሆ በጽሑፍ። አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። መምህርት ሩኪያ "መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ነገሩን በቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ምስጋና" ብላ ስላስተማረችን በዚያው መንገድ እሄዳለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ባልና ሚስቱ።

በሙዚቃ ማኅበራችን አዳራሽ የነበሩትን፣ ቁመታቸው ደረቴ የሚደርሰውን ሁለት የእንጨት ድምፅ ማጉያዎች "ባልና ሚስት" ብሎ የማይጠራ ሰው ምኮኮኒ ውስጥ የለም። ሁለት ምንጣፍ ያህል ተራርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ ከፊታቸው ያለችውን አግዳሚ ወንበር እያዩ ኖረዋል። ሁለቱ ሣጥኖችና ወንበሯ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢነሣ ድስቱ አይቀመጥም። ባልየው በግራ ቫዮሊኑን ይይዛል፣ ሚስትየው በቀኝ አኮርዲዮኑን ትይዛለች፤ ዘፋኟ ግን ከሁለቱ ከአንዳቸውም አትወጣም። ምንም ሣጥን በሌለበት፣ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቆማ ትዘፍናለች። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ መጋረጃውን ገልጦ ሲፈልጋት እኛ በሳቅ እንሞታለን። የሚስትየው ጎን የተሰነጠቀ ጊዜ እኔው በጥጥና በሻርክ ዘይት ደፈንኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሞቅ ያለ ዘፈን ሲመጣ አዳራሹ ሻርክ ሻርክ ይሸታል። በዚህ ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም፤ ወይም አቅርቦ ጸሐፊዎ ወደ ምስጋና ለውጦለታል።

እርስዎ እነዚህን ባልና ሚስት ያለ ቃዲና ያለ ሽማግሌ በአንድ ጀምበር ፈቷቸው። ባልየው ዛሬ ቢሮዎ ውስጥ ቆሞ ማኅተም ተሸክሟል። ሚስትየው ጓሮዎ ውስጥ ጀርባዋ ተነቅሎ ሰባት ዶሮ ታቅፋለች። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ሁለት ጉልቻ አውጥቶ ስድስት የፊልም ድምፅ ማጉያ ያስገባ ሰው ግን ከእርስዎ በፊት አላየሁም። የእንቁላሉ ጣዕም ወደ ሻርክ ሄዷል የሚል ወሬ በሰፈሩ አለ፤ ቀምሼ ስላላየሁ አልመሰክርም።

ሁለተኛ፦ ስለ አውሮፕላኑ።

ለስብሰባ ዳሬሰላም ሄደው አማችዎ ቤት ፊልም አይተው እንደተመለሱ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያገኘሁዎ። ገና ከመርከቡ ሳይወርዱ፣ ስድስቱ ሣጥኖች ያሉበትን ካርቶን እንደ በኩር ልጅ ታቅፈው ጮኹልኝ።

"ማካሜ! ድምፁ ከኋላህ ይመጣል! አውሮፕላኑ በአናትህ ላይ ያልፋል!"

"ሼሃ፣ ከኋላዬ የሚወራብኝማ ድሮም አለ፤ ለእሱ ካርቶን አያስፈልገኝም" አልኩዎ።

"አንተ መርከብ ጠጋኝ! ሥልጣኔ የት ያውቅሃል!"

"ሼሃ፣ እኔ የምደፍነው ጀልባ ነው። መርከብ ብጠግን ኖሮ ስብሰባ የምሄደው እኔ ነበርኩ።"

ፍትሐዊ ሰው ስለሆንኩ፣ ስድስቱ ሣጥኖች ለፊልም እንከን እንደማይወጣላቸው በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ፊልም የሚያይ ሰው የተቀመጠው ለመደንገጥ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሣጥን ከፊቱ በግራና በቀኝ ሲቆሙ ሁለት ደግሞ ከኋላው ይደበቃሉ። ተዋናዩ ሲናገር ቃሉ ከምስሉ አፍ የወጣ እንዲመስል አንዲት ትንሽ ሣጥን መሐል ላይ ትቀመጣለች። ሕንፃ ሲፈርስ ሆድ ዕቃ እንዲንቀጠቀጥ ደግሞ አንድ ወፍራም ሣጥን ጥግ ይዞ ያጉረመርማል። ዘፈን የሚሰማ ሰው ግን ማንም እንዲያስደነግጠው አልመጣም፤ ፊት ለፊቱ የቆሙ ሁለት እውነተኛ ምስክሮች ይበቁታል፣ ምስክር ደግሞ ከጀርባ አይናገርም። ሲሚንቶ የሚጭነው ጃሃዚና ለውድድር የሚበረው ቀጭኑ ንጋላዋ ሁለቱም ጀልባ ይባላሉ፤ በንጋላዋ ሲሚንቶ የጫነ ሰው ግን ቤቱን የሚሠራው ለዓሣ ነው። ይህን ለመረዳት ዳሬሰላም መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ዘንድ አርባ እርምጃ ነበር የሚርቀው።

ሦስተኛ፦ ስለ ፍየሏ።

አውሮፕላኑን ሊያሳዩን አዳራሹ የጠሩን ዕለት፣ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርደው ቀኑ ጨልሞ ነበር። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፣ እርስዎ ከሁሉም ፊት፣ እኔ ደግሞ ሚስማሯ የላላባትን የኋላ ሣጥን በእጄ ደግፌ መሰላል ላይ ነበርኩ። "ዝም በሉ! አሁን ነው! አሁን!" ሲሉ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። አውሮፕላኑ ከእኔ እጅ ተነሣና በሁሉም አናት ላይ አለፈ፤ አልክድም፣ እኔም አጎነበስኩ። ከዚያ ወፍራሙ ሣጥን አገሳ።

በዚህ መካከል ከየት እንደገባች ያልታወቀች አንዲት ፍየል ከፊተኛው ረድፍ ብድግ ብላ፣ በሁለት ሽማግሌዎች ላይ ተረማምዳ፣ የባለስምንት እግሩን የባሕር እንስሳ የፕዌዛን ሾርባ ድስት ከነእግሮቹ ደፍታ፣ ሴቶቹ መካከል ገብታ በቢ ምዋቱም ጥቁር ቡይቡይ ሥር ተሸሸገች። ቢ ምዋቱም፣ አዳራሹ ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ ያን ጊዜ የልጄ የሚዛ አማት ሊሆኑ ሃያ ቀን ቀርቷቸው የነበሩት ወይዘሮ፣ ደግ ሴት ስለሆኑ ልብሳቸውን ጣል አድርገው "አይዞሽ፣ አውሮፕላን ነው፣ አለፈ፣ አለፈ" እያሉ አረጋጓት። ከረጢቱ ሲነሣ ፍየሏ የለችም። በግርግሩ የእርስዎም የግራ እግር ጫማ ጠፍቶ ሦስት ሰው እስከ መግሪብ ሲፈልግ ቆየ። ፍየሏ የማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አራተኛ፦ ስለ መካከለኛዋ ሣጥን። ይህን ቁጥር ቢቻል ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ፤ ልጄ ያለችው እዚህ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከነመሰላሌ አስጠሩኝና የተባባልነው ቃል በቃል ይህ ነው።

"ይህችን የመሐሏን አውርድና መስኮቱ ላይ ስቀልልኝ፤ አፏን ወደ ውጭ።"

"ሼሃ፣ ይህች እኮ የአዳራሹ ምላስ ናት። ምላሱን በመስኮት ካወጣነው ውስጡ በምን ይናገራል?"

"የመንግሥት ቃል ወደ ውጭ መሰማት አለበት! ክትባት አለ፣ የጽዳት ዘመቻ አለ፣ ስንት ነገር አለ!"

"ዘፈኑስ?"

"ዘፈን ዘፈን ነው፣ በየት ቢመጣ ምን ቸገረህ? አንተ መሰላልህን ያዝ።"

መሰላሌን ያዝኩ። ስለዚህ በጽሑፍ እመሰክራለሁ፤ መሰላሉ የእኔ ነው፣ ሚስማሩ የእኔ ነው፣ የሰቀለውም እጅ የእኔ ነው። ትእዛዙ ግን የእርስዎ ነው፤ መስኮቱም የሚያየው የቢ ምዋቱምን ደጅ ነው።

አምስተኛ፦ ስለዚያ እሑድ።

እርስዎ በወንድ ወግ ስላደጉ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ እኛ ዘንድ ነገር ያላት ሴት ነገሯን በአፏ አትናገርም፤ ካሴት ታስገባለች። የሽሙጥ ዘፈን ከነቫዮሊኑ ሲመጣ የማንም አይደለም። "ይህ ለእኔ ነው" ብላ የተነሣች ሴት ራሷ ባለቤት ትሆንበታለች፤ ስለዚህ የምትነሣ የለችም፤ ሁሉም ጣቷን እያወዛወዘች ትጨፍራለች፣ ሁሉም ጎረቤቷን በጎን ታያለች፣ ማንም ከማንም አይጣላም። የምኮኮኒ ሰላም ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው በፖሊስ ሳይሆን በቫዮሊን ነው።

የሚዛ የሠርግ ዝግጅት ላይ ሴቶቹ ያስገቡት ካሴት ከሚዛ በዕድሜ ይበልጣል። ማንንም ለመንካት አልታሰበም፤ ቢታሰብም የታሰበችው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ናት፣ እሷ ደግሞ ለምዳዋለች። ካሴቱ መጫወት ጀመረ። ከግራ ቫዮሊን፣ ከቀኝ አኮርዲዮን፣ ከጥጉ ከበሮ፣ ከኋላ ደግሞ የሆነ ሰው የሚተነፍስ የሚመስል ነገር መጣ። ሴቶቹ ጣታቸውን አንሥተው ግጥሙን ይጠብቃሉ። ግጥም የለም።

"ዘፋኟ ታማለች እንዴ?" አለች አንዷ።

"ዝም በይ፣ አሁን ትገባለች።"

"ዕድሜዋን ሙሉ ያልቀረች ሴት በእኛ ሠርግ ትቅር?"

"ድምፁ አንሶ ነው። ጨምሪው! ጨምሪው እንጂ፣ ምን ትፈሪያለሽ!"

ጨመረችው። ውስጥ ያለው ቫዮሊን ጨመረ። ውጭ ደግሞ፣ ምላሳችን በተሰቀለበት መስኮት በኩል፣ ዘፋኟ ብቻዋን፣ ያለ አንድ ክር ቫዮሊን፣ ያለ አንድ ምት ከበሮ፣ ራቁቷን ወጣች። በዚያች ሰዓት ቢ ምዋቱም ለሠርጉ ብለው የግቢያቸውን በር ሰማያዊ ይቀቡ ነበር። በርጩማ ላይ ቆመዋል፤ ብሩሹ በእጃቸው ነው፤ ከጀርባቸው እንዲህ ተባሉ፦

ጓዳሽ ባዶ ሆኖ በርሽን ቀባሽው፣
የሙሽራን ሽቶ አንቺ ጨረስሽው!

አዝማች ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተባሉ። ያቺ ትንሽ ሣጥን ለንግግር የተሠራች ስለሆነች አንዲት ፊደል አልዋጠችባቸውም። ከእያንዳንዱ አዝማች በኋላ ደግሞ ከአዳራሹ ውስጥ እልልታ ይሰማል፤ ውስጥ ያሉት እልል የሚሉት ለአኮርዲዮኑ ነበር፤ ውጭ ላለ ሰው ግን ይህን ማን ያስረዳው? ዘፈን ከቫዮሊኑ ጋር ዘፈን ነው፤ ቫዮሊኑን ስታወጣለት የክስ ቻርጅ ይሆናል። በሩ በእርግጥም እየተቀባ ነበር። ስለ ሽቶው የማውቀው ነገር የለም፤ ሙሽራው ሻዋል ግን በማግሥቱ ገበያ ውስጥ ሽቶ ሲጠይቅ ታይቷል።

ሰኞ ጠዋት የላክንላቸው ጣፋጩ ሐልዋ ከነትሪው፣ በሄደበት ጨርቅ እንደተሸፈነ ተመለሰ። ከአንድ ጥጉ በቀር አልተነካም፤ ጥጉንም የበላው ያመጣው ሰው ነው። ሐልዋ ተመልሶ ሲመጣ ሠርግ ቆመ ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ቢ ምዋቱም የላኩት ቃል አጭር ነበር፦ "ያንን ሣጥን ወደ ደጄ ያዞረውን ሰው ማንነት ሳላውቅ ሙሽራ ቤቴ አላስገባም።" ሽማግሌዎች መጥተው እርስዎን ጠየቁ። እርስዎም መለሱ፦ "የሰቀለው ማካሜ ነው። መሰላሉ እኮ የእሱ ነው።"

ክቡር ሆይ፣ ይህ እውነት ነው። እውነትም እንደ ሣጥኖችዎ ናት፤ አንዷን ብቻ ነጥለው ወደ ውጭ ካዞሯት ውሸት ታሰማለች።

ሚዛ አላለቀሰችም፤ እናቷን ናት። ግን ሳምንቱን ሙሉ ያችኑ አንዲት ሰሐን ስታጥብ አያታለሁ። ትናንት ቀና ብላ "ባባ፣ ሻዋል ሊያገባ የነበረው እኔን ነው ወይስ ስፒከሩን?" አለችኝ። ሻዋል እናቱን ስለሚያከብር ደጃችን አይገባም፤ ነገር ግን ወደየትም በማያደርሰው በእኛ መንገድ በቀን አምስት ጊዜ በብስክሌት ያልፋል፣ ደወሏንም ያቃጭላል። ደወሏን ስትሰማ ሚዛ ሰሐኗን ታስቀምጣለች። አልፎ ሲሄድ መልሳ ታነሣታለች። አንድ የብስክሌት ደወል ከስድስት ሣጥን የበለጠ ሲናገር የሰማሁት በዚህ ሳምንት ነው።

ስድስተኛው ስለ ቧንቧው ነበር። እሱን አስቀድሜ ስላመሰገንኩበት ተዘሏል።

ሰባተኛ፦ የምጠይቀው።

የፊታችን ሐሙስ፣ የሠርጉ ዋዜማ ነው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ባልየው ማኅተሙን አራግፎ፣ ሚስትየውም ዶሮዎቿን ተሰናብታ በቀድሞ ቦታቸው ይቁሙ። ኩሱን ማጠብና ጀርባዋን መልሶ መግጠም የእኔ ድርሻ ይሁን፤ ጥጡም የሻርክ ዘይቱም ዝግጁ ነው። ወንበሯ በቦታዋ ትቀመጥ፤ ቢ ምዋቱምም ከወንበሯ መካከል፣ ከሁለቱም ሣጥኖች እኩል በሚርቀው ቦታ ላይ ይቀመጡ። ያው ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማ። ያን ጊዜ ዘፋኟ ምንም ሣጥን በሌለበት መካከል ላይ ትቆማለች፤ ቫዮሊኗን ትለብሳለች፤ ቢ ምዋቱምም ይህች ሴት ወደ ማንም ደጅ እንዳላየች በራሳቸው ጆሮ ያዩዋታል። አንዴ እንዲህ ከተሰማ ጣታቸውን አንሥተው ከሁሉ በላይ የሚጨፍሩት እሳቸው እንደሚሆኑ እወራረዳለሁ፤ በወጣትነታቸው ያንን አዝማች በማን ላይ እንዳስገቡት የሚያውቅ ሰው ምኮኮኒ ውስጥ ገና አልሞተም።

ካሴቱ ከመጀመሩ በፊት ግን እርስዎ ማይክራፎኑን ይዘው አንዲት ዓረፍተ ነገር ይበሉልኝ፦ "ሣጥኗን ወደ መስኮት ያዞርኳት እኔ ነኝ።" ቆጥሬዋለሁ፤ ስድስት ቃል ነው። ከሣጥኖችዎ ቁጥር ጋር ልክ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ አንድ ቃል ይደርሰዋል።

ስድስቱን ይጣሉ አላልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የፊልም ቀን ይሁን፤ መካከለኛዋ ከምስሉ ሥር፣ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ወፍራሙም ጥጉን ይዞ፣ እኔው በነፃ እሰቅላቸዋለሁ። ወላሂ፣ ያንን አውሮፕላን እኔም ደግሜ ባየው ደስ ይለኛል፤ ባለፈው አጎንብሼ ስለነበር ጭራውን አላየሁትም።

ምስጋና፦

"በጽሑፍ አቅርብ" ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ባይሉኝ ኖሮ የተማርኩት ፊደል ለማን እንደሆነ ሳላውቀው እሞት ነበር። ማኅተምዎን ባልየው ላይ ስላስቀመጡ አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙ እውነት ከሚናገር ነገር ጋር ሲነካካ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ ለማድረስ ስለደከሙም አመሰግናለሁ፤ ሣጥኗ ከተሰቀለች ወዲህ ከመስኮቱ የወጣ የመንግሥት ቃል ያችው ስለ ሽቶው የተባለችው ብቻ ብትሆንም፣ ሕዝቡ በቃሉ ይዟታል። ስለ ቧንቧው አላመሰግንም።

የባሕሩ ንፋስ ወደ ፈቀዱት ይንፈስልዎ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅብዎ፣ ከኋላዎ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ የፊልም ይሁንልዎ እያልኩ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ እንደ ተዘጋጀ ጥጥ ለስላሳ፣ ከሐሙስ በኋላ ግን እንደ መዶሻው የምሆን፣

ታዛዥዎ ማካሜ ፋኪ
የጀልባ ስንጥቅ ደፋኝ፣ ከመምህርት ሩኪያ ክፍል ሁለተኛ የወጣ፣ የሚዛ አባት

ግልባጭ፦
ለዓሣ ገበያው ግድግዳ፣ ከሐራጁ ጠረጴዛ በላይ፣ ዝናብ የማይደርስበት
ለቢ ምዋቱም፣ ገና ግማሹ ለተቀባው በራቸው
ለጸሐፊዎ፣ እንዳይደክምበት ንጹሕ ቅጂ

ተጨማሪ፦ መምህርት ሩኪያ ደብዳቤውን አንብባ፣ "ማካሜ፣ በፊደል የተጻፈ ውሸት እንደ ወሬ በንፋስ አይጠፋም፤ ካለብህ አሁኑኑ አውጣው" ስላለችኝ እናዘዛለሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍየል አልነበረችም። ቢሮውን አክብሬ ነው ፍየል ያስገባሁት። ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ በሽማግሌዎች ላይ የተረማመደው፣ ሾርባውን የደፋው፣ ቡይቡዩ ሥር የገባው ማን እንደሆነ ስሙን አልጽፍም፤ ነገሩ በጨለማ ነው የሆነው፣ ያየነውም እኔ ከመሰላሌ ላይና ቢ ምዋቱም ብቻ ነን። ቢ ምዋቱም ያችን ዕለት ለማንም አልተናገሩም። ሐልዋው የተመለሰ ቀን እንኳ፣ ያን ያህል ተቆጥተው፣ አልተናገሩም። የግራ እግር ጫማዎም በጋዜጣ ተጠቅልሎ እሳቸው ዘንድ ተቀምጧል። ሄደው ይውሰዱት፤ እግረ መንገድዎን ስድስቱን ቃል ይንገሯቸው።